የማይታይ ብየዳ

...እና ተገንጥላለች፣ ማሰሪያዋ፣ የእጅ ፍሬኑ ካቦ የሚያያዝባት ትንሿ ብረት፣ ከሻንሲው ላይ ሙልጭ ብላ ተገንጥላ በካቦው ጫፍ ተንጠልጥላለች፣ እኔ ተጎታቹ ስር በጀርባዬ ተኝቼ የሽቦ ብሩሽ እንደያዝኩ አያታለሁ፣ የሁለት ዓመት ደረቅ ጭቃ ዓይኔ ውስጥ ይራገፋል፣ አልጠርገውም። ሌላ ሰው የበየዳት ትሁን። ምነው ሌላ ሰው የበየዳት በሆነች። ግን ታላቄ ወንድምጋሼ ለሌላ በያጅ መች ይሰጥ ነበር፣ ወንድሜ እያለ ብሎ፣ ይሄን ተጎታች ከእኔ በቀር ማንም እሳት አላስነካውም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ሥራው ደስ ሲለኝ ነበር፣ ነውር ነው ግን ደስ ሲለኝ ነበር፣ ከአባታችን ዕድሜ የማያንስ ተጎታች፣ በደህና ዘመን የተሠራ ወፍራም ብረት፣ የበሰበሰ ወለሉን ነቅዬ አዲስ ላሜራ አለበስኩት፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ነበር፣ አውጥቼ ከላይ አስቀመጥኩት፣ ከስንዝር በላይ ከመሬት ተነሳ፣ ከአሮጌ ጂፕ የወረደ ሰፋፊ ጎማ ገባለት፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትንም ጫፍ ወደፈለገው እንዲዞር አድርጌ ቀየርኩት፣ ተጎታቹ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቢጋደል እንኳ መኪናውን ይዞት እንዳይጋደል። የጀሪካን መያዣ በግራ፣ የመፍቻ ሳጥን በቀኝ። እታለም መንገድ በሌለበት ነው የምትሄደው። የወንድሜ ሚስት ናት፣ ነበረች፣ አይ፣ ናት። እሱ የሞተበትን ሥራ እሷ ይዛዋለች፣ ገጠር ለገጠር እየዞሩ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ መጠገን፣ ቧንቧውንም መፍቻውንም በዚህ ጭና ከነገ ወዲያ ትነሳለች። ዛሬ ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ ብላለች።

ከሰዓት ማለት አሁን ነው።

ወንድሜ የሞተ ቀን፣ ዳገት ላይ ነበር። መኪናውን ሊያዞር ተጎታቹን ፈታው፣ ከዚያ ዞሮ ከኋላ ቧንቧ ሲያወርድ ተጎታቹ መጣበት፣ ከጀርባው ግንብ ነበር፣ በቃ። የደረሱት ሰዎች ገፍተው አነሱለት፣ ሲገፉት ጎማው ዝም ብሎ ተንከባለለላቸው፣ ስለዚህ ፍሬን አልያዘም ነበር ተባለ፣ ትራፊኩም ጻፈው፣ ሟች የእጅ ፍሬን ሳይዙ ከተጎታቹ ኋላ በመቆማቸው ለደረሰው የሞት አደጋ መንስኤው የራሳቸው ቸልተኝነት መሆኑን አረጋግጠናል፣ ከነማህተሙ። አረጋግጠናል! ጎንበስ ብሎ ስሩን ያየ አንድ ሰው የለም። እኔስ። ለቅሶ ላይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ድሮም ዝንጉ ነበር እኮ አላልኩም? ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ የሚሄድ ሰው አልነበር አላልኩም? ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ፣ እሷም እዚያው ተቀምጣ ሰማች። አላውቅማ ያኔ። አላውቅም ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ቆሞ፣ በሄድኩ ቁጥር በአጠገቡ እያለፍኩ፣ አንድ ቀን ጎንበስ አላልኩም፣ በያጅ ሆኜ፣ የሰው በር ላይ እንኳ ሳልፍ ማጠፊያውን ሳላይ የማላልፍ ሰውዬ፣ በዚህ በኩል ሳልፍ አንገቴ ወደ ሌላ ይዞራል። አንገት ያውቃል እንዴ?

ፍሬኑን ስቦታል። ካልተሳበ ካቦው ልል ነው፣ ልል ካቦ ምንም አይገነጥልም፣ እስከ መጨረሻው ጥርስ ስቦ ነው የሄደው፣ ጠንቃቃ ሰው እንደሚያደርገው፣ ያ ሁሉ ክብደት ዳገቱ ላይ ካቦውን ሲስበው ማሰሪያዋ ቻል አደረገች፣ ቻል አደረገች፣ ከዚያ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ማንም አልጎተተውም፣ ከዳገቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ግቢዋ፣ ከግቢዋ ተጭኖ ወደ እኔ። ስብራቱ ዝጓል፣ ዳር ዳሩ ላይ የግራይንደሬ መስመር አሁንም ይታያል፣ የእጄን ጭረት አውቀዋለሁ፣ ከብየዳው የተረፈው ወረቀት አያክልም።

ሰፈሩ የሚጠራኝ አይታይ ብሎ ነው። አይታይ፣ ና በሬን ሥራልኝ። በይጄ ስጨርስ በግራይንደር እሞርደዋለሁ፣ መስታወት እስኪመስል፣ ሰው ጣቱን አሳልፎ የቱ ጋ ነው ደግሞ የተበየደው ሲለኝ ልቤ ያብጣል። ለበርና ለመስኮት ጥሩ ነው፣ በር ዳገት ላይ አይቆምም። ሸክም የሚይዝ ብየዳ ጉብታው አይነካም፣ ጉልበቱ እዚያ ነው፣ ይሄን የትናንት ጀማሪ ያውቀዋል፣ አውቃለሁ፣ ያኔም አውቅ ነበር፣ ወንድምጋሼ ራሱ እዚሁ ቆሞ፣ ኧረ ተወው በቃ፣ ስሩን ማን ያይልሃል አለኝ፣ እኔ አየዋለሁ አልኩት። ይኸው አየሁት።

አዲስ መበየድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ብረት አለ፣ ኤሌክትሮድ አለ፣ አሮጌዋን ማሰሪያ ከቁርጥራጩ ክምር ውስጥ ብወረውራት የሚያገኛት የለም፣ ጥቁር ቀለም ደፋ ደፋ፣ አለቀ፣ ደቀቀ። እሱ እንደሆነ ሞቷል፣ ዝንጉ ቢባል ምን ይቀርበታል፣ እሷም አልቅሳ ወጥቶላታል፣ ልጃቸው አባት የላትም፣ አሁን ደግሞ አጎቷን ልንጠቃት? ተመልከት ይሄን ጠበቃ። ምን ዓይነት ቆሻሻ ሰው ነኝ። ልጅቷ ነች ሆዴን የምትበላው። አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትወጣ ተመልሳ ምድጃውን ታያለች፣ በር ላይ ትደርሳለች፣ ተመልሳ ታያለች፣ ቦርሳዋን አዝላ ሦስቴ፣ እንደ አባትሽ እንዳትረሺ ተብላለቻ፣ እንደ አባትሽ እንዳትሆኚ፣ ባለፈው በዓይኔ አይቼ፣ አይ የኔ ጥንቁቅ ብዬ ሳቅኩባት።

እየበየድኩ ነው። መቼ ጀመርኩ፣ ጭምብሉን መቼ አደረግሁ፣ አዲሷ ማሰሪያ ቦታዋን ይዛለች፣ ብየዳው ጉብ ጉብ እንዳለ ነው፣ አስቀያሚ፣ አልነካውም። አሮጌዋን ግን አልወረወርኳትም፣ ኪሴ ውስጥ ናት፣ ጭኔን ትወጋኛለች፣ ለምን እንደያዝኳት አላውቅም።

ዋርሳዬ፣ አለህ ወይ? እሷ ናት፣ በሩን ገፍታ ገባች። አለሁ እታለም፣ ግቢ፣ ከስሩ እየተሳብኩ እወጣለሁ፣ እጄ ጥላሸት ስለሆነ ክንዴን እሰጣታለሁ፣ ክንዴን ትጨብጣለች። ተጎታቹን ትዞረዋለች፣ ጎማውን በጫማዋ ትመታዋለች፣ ውይ ቁመቱ፣ ቧንቧ ለመጫን መሰላል ልትሠራልኝ ነው? ትስቃለች፣ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም፣ እጅህ ይባረክ ትለኛለች፣ ይሄን እጅ። ከዚያ የመፍቻ ሳጥኑ ላይ እጇን ታሳርፋለች። ታውቃለህ፣ ጠዋት መቃብሩ ጋ ሄጄ ነበር፣ ሁለት ዓመት ተቀይሜው ነው የኖርኩት፣ ላንተ ምን እደብቅሃለሁ፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው እንዴት ፍሬን ይረሳል እያልኩ፣ ስሙን ስሰማ ይነደኝ ነበር፣ ዛሬ ግን በቃ ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት፣ ቀለል አለኝ፣ እንዲህ ሆኜ ነው መንገድ መጀመር የምፈልገው።

እንኳን ደግ አደረግሽ ማለት ነው የሚጠበቅብኝ፣ እንኳን ደግ አደረግሽ፣ አጭር ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ ብናገረው እስክሞት ሰላም እሆናለሁ፣ ይቅርታው ሄዶ ምንም ያላጠፋ ሰው ላይ አርፏል፣ እሱ ደግሞ አይናገርም፣ ቢችልም አይናገርብኝም ነበር፣ ወንድምጋሼ ነዋ፣ በልጅነታችን መስኮት ስሰብር እኔ ነኝ የሚል እሱ፣ የሚገረፍ እሱ፣

ይዞት ነበር፣ እላለሁ።

ምኑን?

ፍሬኑን፣ እታለም። ወንድምጋሼ ፍሬኑን ይዞት ነበር፣ ይቺ ናት የተገነጠለችው፣ ካቦው ሲሳብ የተገነጠለችው። ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀምጣታለሁ። ታገላብጣታለች፣ ለስላሳውን ጎን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች፣ ደግማ ትዳስሳለች፣ ማን የበየዳት ነው አትለኝም፣ ምን ብላ፣ የሳሎኗን በር የሠራሁላት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቴ አናጺው መጋዙን ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ቀና ትላለች። ለቅሶው ላይ ዝንጉ ነበር ያልከው አንተ አይደለህ፣ ትላለች፣ አትጮህም፣ ምናለ ብትጮህ። እኔ ነኝ እላታለሁ። አለቅሳለሁ መሰለኝ፣ የራሴን ፊት አላውቀውም።

ጥላኝ ልትሄድ ነው ብዬ እጠብቃለሁ፣ አትሄድም፣ ስልኳን ታወጣለች፣ ሁለቴ ተሳስታ ትደውላለች። የኔ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት ገባሽ? ስሚኝ፣ ቁጭ በይና ስሚኝ፣ አባትሽ አልረሳም፣ አዎ፣ ፍሬኑን ይዞ ነበር፣ አባትሽ ምንም አልረሳም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ፣ ቀጭን፣ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል፣ ታዲያ ለምን መጣበት?

እታለም ስልኩን ከጆሮዋ ታነሳለች፣ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ አንተው ንገራት ትላለች።

እጄን በሱሪዬ እጠርጋለሁ፣ አይጠራም፣ እንዲሁ እቀበላታለሁ፣ አጎቴ? ትላለች፣ አጎቴ አንተ ነህ፣ ለምንድን ነው የመጣበት፣ ጎማው ላይ እቀመጣለሁ፣ ለአባትሽ አንዲት ብረት በይጄለት ነበር እላታለሁ፣ ወፍራም ሆና ብትቀር ኖሮ ትይዘው ነበር፣ እኔ ሞረድኳት፣ ለምን ትለኛለች፣ እንዲያምር ብዬ፣ እላታለሁ፣ እንዲያምር ብዬ