የደበዘዘችው ኮከብ ምስክሮች

በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ቦንጋ ከተማ በጋሽ ቢሻው ጓሮ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ጋሽ ቢሻው ራሳቸው፣ ባለቤታቸው እትዬ በዛወርቅ፣ የቀድሞ ተማሪያቸውና አሁን ፋርማሲ የምትሠራው ኑኃሚን፣ እንዲሁም ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ወጣት መምህር ይዲድያ።

የቦንጋ ሰማይ ለኮከብ ንፉግ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደመና ተከናንቦ ይከርምና ከኅዳር ወዲህ ፊቱን ይገልጣል። ጋሽ ቢሻው በዚያች አጭር በጋ የሚጠብቋት አንዲት ኮከብ ነበረቻቸው። አባቶች ገውዝ ከሚሏቸው ኮከቦች መካከል ናት። ለማያውቃት እንደ ማንኛዋም ኮከብ ናት፤ ለሚያውቃት ግን እንደ ሳንባ ትነፋለች፣ መልሳ ትሟሽሻለች። በየዐሥር ቀኑ ገደማ ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች። በጣም ስትደምቅ ከጎኗ ካለችው፣ ከማትለወጠዋ ኮከብ ጋር እኩል ትሆናለች። የጋሽ ቢሻው ሥራ ሁለቱን በዓይን ማስተያየትና የእርሷን ከፍታና ዝቅታ መከታተል ነበር።

ከጥቂት በጋዎች ወዲህ አንድ ነገር አዩ። ኮከቢቱ በምትደምቅበት ቀን እንኳ ጎረቤቷን አላክል አለች። ትንፋሿ እያጠረ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከተረጋገጠ ታላላቅ ሊቃውንት ጆሮ የሚሰጡት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሌሎች ያገኙትን በጠመኔ ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰው ይህች አንዲት ነገር የራሳቸው ነበረች። ሲሞቱም «ይህን ያየው ቢሻው ነው» የሚባልላቸው በእርሷ ብቻ ነበር።

ነገር ግን አንድ ሰው ያየው አይታመንም። ዓይን የልብ ሎሌ ናት፤ የተመኙትን ታሳያለች። ይህን ጋሽ ቢሻው ያውቁ ነበርና ኑኃሚንን ሁለተኛ ዓይን አደረጓት። የእርሷ ቃል ሁልጊዜ ከእርሳቸው ቃል ጋር ይገጥም ነበር። ይዲድያም ይህን ሰምቶ ጥናቱን አዲስ አበባ በሚደረገው የሳይንስ ጉባኤ ሊያቀርብላቸው ተስማማ። ከመሄዱ በፊት አንድ ምሽት አብሯቸው ሊያይ ነበር የመጣው።

እትዬ በዛወርቅ የበረንዳውን መብራት አጥፍተው ወንበር አወጡለት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ። እኔ እንግዲህ በዚህ ጓሮ ከጣውንቴ ጋር ነው ያረጀሁት።»

«ጣውንት?» አለ ይዲድያ።

«ያቻትልህ እላይ። እሷን ሲያይ አንገቱ ተጣሞ ቀረ።»

«እሷ አትጨቀጭቅማ» አሉ ጋሽ ቢሻው። ኑኃሚን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጡ። ታች በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር መብራቱ እንዳያውካቸው ሁሉም ፊታቸውን በእጃቸው ይከልላሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። በስሌቱ መሠረት ኮከቢቱ እጅግ የምትደምቅበት ምሽት ነው። ጋሽ ቢሻው እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው አዩና ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ይዲድያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው? መጀመሪያ እርስዎ ይናገራሉ፣ ከዚያ እሷ?»

«ታዲያ እኔ ልቅደም እንዴ?» አለች ኑኃሚን። «ጋሼ ተቀምጠው?»

ታላቅ ባለበት ታናሽ ቀድሞ አይናገርም፤ ሁሉም ያደጉት በዚህ ነው።

«ጉባኤው ላይ መጠየቃቸው አይቀርም ብዬ ነው» አለ ይዲድያ በፍርሃት። «አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ብናደርገውስ? የበቆሎ ፍሬ እንያዝ። ከጎረቤቷ እኩል ከሆነች አምስት፣ ካነሰች ደግሞ እንዳነሰችው መጠን እየቀነስን። ከዚያ ጭብጣችንን አንድ ላይ እንከፍታለን።»

«ሽማግሌ ሰብስቦ የልጅ ጨዋታ» አሉ እትዬ በዛወርቅ፣ በቆሎውን ከሰፌድ እያደሉ።

ጋሽ ቢሻው ግን ደስ አላቸው። ጥንቃቄው ራሱ ነገሩን የሚያከብርላቸው መሰላቸው። አይተው፣ ደግመው አይተው፣ ሁለት ፍሬ ጨበጡ። ይዲድያ የስልኩን መብራት በመሐረብ ሸፍኖ አበራ። እርሳቸው ከፈቱ፤ ሁለት። ይዲድያ ከፈተ፤ አራት።

ኑኃሚን አልከፈተችም።

«ክፈቺው እንጂ» አሉ ጋሽ ቢሻው።

«ዛሬ ዓይኔን ትንሽ ያመኛል፣ ጋሼ።»

«ክፈቺው፣ ልጄ።»

እጇን ዘረጋች። አምስት ነበር።

ይዲድያ መብራቱን ቶሎ አጠፋው። ጋሽ ቢሻው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለፈው ሳምንትስ?» አሏት።

«ባለፈው… እንዳሉት ነበር።»

«እኔ እንዳልኩት አይደለም። አንቺ ያየሽው።»

«አላየሁም» አለች። «መጀመሪያ ሰሞን ይለይብኝ ነበር። አንድ ቀን ደመቀች ስልዎት ‹ደኅና አድርገሽ እዪ› አሉኝ። ኮከብ ማየት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንዴት ብዬ ነው የምከራከርዎት? የእኔ ዓይን ነው የሚሳሳተው አልኩ። ከዚያ ወዲህ እርስዎ እስኪናገሩ እጠብቃለሁ።»

ጋሽ ቢሻው ያንን ቀን ለማስታወስ ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። «ደኅና አድርገሽ እዪ» ማለት ግን የእርሳቸው ነው። ክፍል ውስጥም ለተማሪ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ያየችውን ደብቃ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሊጠይቋት፣ ሊያርሙት ይችሉ ነበር። ግን የተደበቀ ነገር የለም። በእነዚያ በጋዎች ሁሉ እዚህ ጓሮ ሁለት ሰው ተቀምጦ ያየው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም የተመኘውን።

«ምን አጠፋች ልጅቷ?» አሉ እትዬ በዛወርቅ። «አከበረችህ እንጂ አልዋሸችህም።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ቢሻው። «አከበረችኝ።»

ኑኃሚን ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ቢሻው ቢቆጧት እንኳ ይቀላት ነበር፤ ለቁጣም አቅም አጡ።

«በመሣሪያ ብናስለካው…» አለ ይዲድያ። «ምናልባት እኔና እሷ ተሳስተን ይሆናል።»

«አንተም ጀመርክ?» አሉት። ይዲድያ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ቢሻው እንደገና ቀና አሉ። አሁን እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁለት ጤነኛ ዓይኖች ነግረዋቸዋል። ከጎረቤቷ እኩል ወይም ለእኩል የተቃረበች እንደሆነች እያወቁ፣ እንደዚያ ሆና እንድትታያቸው እየለመኑ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ አፈጠጡ። ኮከቢቱ አሁንም ደብዛዛ ነበረች። ያቺው የለመዷት፣ ትንፋሽ ያጠራት ኮከብ። ከእንግዲህ ሌላ ሆና እንደማትታያቸው ገባቸው፤ እውነተኛይቱን ሌላው ሰው ሁሉ ሲያያት ለእርሳቸው ብቻ ጠፍታለች።

«ብርዱ በርትቷል፣ ግባ» አሉ እትዬ በዛወርቅ። እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከሰማዩ አላነሱም።

በሳምንቱ ጋሽ ቢሻው ለይዲድያ ደውለው ጥናቱን ከጉባኤው እንዲያወጣው ነገሩት፤ እርሱም አወጣው።