በጾም የመጣ ዱቄት

ይባረክን ወንጌል እስከ ትርጓሜው ያስተማረው ሟቹ ባሌ ነው፤ ያበላሁት ደግሞ እኔ። ያ ሰው ዛሬ የጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ፣ በዐቢይ ጾም፣ ገና እህል ሳልቀምስ፣ አንድ ጆንያ ዱቄት በበቅሎ አስጭኖ ጠዳ ድረስ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ልጄ አርበኛ ሆኖ ጫካ ስለገባ ጌቶቹ ጎተራዬን ካቃጠሉት ወር አልፎታል።

«እናቴ፣ ልጅዎ ፈጠነ የተደበቀበትን ዋሻ ብቻ ይንገሩኝ፤ ዱቄቱ የርስዎ ነው» አለኝ።

«ጌታዬ በገዳመ ቆሮንቶስ ተርቦ እንቢ ያለውን እኔ እሺ ልበል?»

ሳቀብኝ። «እሱማ አምላክ ነው፤ ኃጢአት አይስማማውም፤ ፈተና ምን ያደርገዋል? እርስዎ ግን ሥጋ ለባሽ ነዎት። ማንም አይፈርድብዎትም።»

ደሜ ፈላ። ባሌ ያስተማረውን ቃል ይዞ የባሌን ልጅ ሊያስገድል!

«ኃጢአት ባይነካውም ረሃቡ የእውነት ነበር! ‹ተራበ› ይላል እኮ፤ ባሌ አላስተማረህም? ሰይጣንም የመጣው እንዳንተ ረሃቡን ጠብቆ ነው።»

«ኧረ እናቴ፣ ቀስ ይበሉ...»

«እናቴ አትበለኝ! ሰይጣን እንኳ ድንጋዩን ዳቦ አድርገው አለ እንጂ፣ ልጅህን ዳቦ አድርገው አላለም!»