ጥላ የሌለው ሰንጢ

ወታደር ሁለት ስለት አለው። አንደኛው መንግሥት የሚሰጠው ሳንጃ ነው፤ ለሰልፍ ይወለወላል፣ ለጥበቃ ይታጠቃል፣ ሲመለስ ተፈርሞ ይመለሳል። ሁለተኛው የገዛ ኪሱ ውስጥ የሚኖረው ሰንጢ ነው። ለእሱ ማንም አይፈርምም። ሾፌሩ ቆርቆሮ ይከፍትበታል፣ ሐኪሙ ፋሻ ይቆርጥበታል፣ ዘበኛው ጥፍሩን ያስተካክልበታል፣ ቤቱ የናፈቀው ደግሞ እንጨት እየጠረበ ቀኑን ይገፋበታል። ሱሪውን ረስቶ የሚወጣ ወታደር ካለ ሰንጢውን የሚረሳም ይኖራል፣ ይባባላሉ እርስ በርሳቸው።

ይህ ነገር የደረሰበት ሰው የሄሊኮፕተር መካኒክ ነው። ሱሪው ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ኪስ በኪስ ስለሆነ ጓደኞቹ ኪሶ ይሉታል። እውነተኛ ስሙን ደመወዝ የሚከፍለው ጸሐፊ ካልሆነ የሚያስታውሰው አልነበረም። ሰንጢውን የሰጠው ታላቅ ወንድሙ ነው። ወንድምየው አስራ አንድ ዓመት በእግረኛ ጦር ይዞት ዞሮ፣ ሲሰናበት «እኔን ጠብቆኛል፣ አንተንም ይጠብቅህ» ብሎ እጁ ላይ አኖረለት። ሲዘረጋ ፒንሳ ይሆናል፤ እጀታው ውስጥ ስለት፣ ካቻቢቴ፣ ሞረድና አንዲት ትንሽ መጋዝ ተጣጥፈው ይተኛሉ። የስለቱ ጫፍ ግን የለም። ወንድምየው አንድ ጊዜ የዛገ በር ሊፈለቅቅበት ሲታገል ሰብሮታል።

እንግዲህ በጥገና ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አለ። መፍቻው፣ ፒንሳው፣ መዶሻው ሁሉ በየሚስማሩ ተሰቅሎ፣ ከየጀርባው የራሱ ቅርጽ በጥቁር ቀለም ተስሏል። መሣሪያው ሲነሳ ጥላው ይቀራል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አለቃቸው ባሻ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሌዳው ፊት ይቆማሉ። አንድ ጥላ ባዶውን ከተገኘ ሰው ቤቱ አይገባም፣ ሄሊኮፕተርም አይነሳም።

«የተረሳ ካቻቢቴ ከጥይት ይከፋል» ይሉ ነበር ባሻ። «ጥይት ከውጭ ነው የሚመጣው። ይሄ ግን ሆድ ውስጥ ተኝቶ ቀኑን ይጠብቃል።»

ስለዚህም የግል ሰንጢ ይዞ ወደ ጥገና ክፍል መግባት ክልክል ነው። ክልክል መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የኪሶ ሰንጢ ሰሌዳው ላይ ጥላ የለውም፤ ጥላ የሌለውን ደግሞ ማን ይቆጥረዋል?

ያን ዕለት ጠዋት ኪሶ «መሣሪያ በሙሉ ተመልሷል» በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ሰሌዳው ሙሉ ነበር። ወደ ተራራው ጣቢያ ለጥበቃ የሚሄዱ አስር ወታደሮች ዕቃቸውን ታቅፈው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ክንፉ ቀስ እያለ መዞር ጀመረ። ኪሶ በጥገና ክፍሉ በር ጥግ ቆሞ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግራሶ ሊጠርግ እጁን ወደ ቀኝ ኪሱ ሰደደ።

ኪሱ ባዶ ነው። የግራውን ዳሰሰ። የጉልበቱን፣ የደረቱን። ከዚያ እንደገና የቀኙን፣ ሰንጢው ተጸጽቶ የሚመለስ ይመስል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከአብራሪዋ ወንበር ፊት ያለውን የወለል ክዳን ከፍቶ፣ ከፔዳሉ ዘንግ አጠገብ ያለች አንዲት ብሎን በሽቦ ሲያስር ነበር። የሰሌዳው ፒንሳ ጓደኛው ዘንድ ነበረና፣ ለሁለት ጥምዘዛ ብሎ የገዛ ሰንጢውን አወጣ። ሲያወጣው ትዝ ይለዋል። መሃል ላይ ባሻ ክዳኑን ቶሎ እንዲዘጋ ጮኸው ጠሩት። ወደ ኪሱ ሲመልሰው ግን አእምሮው ቢፈልግ ቢፈልግ አላገኘውም።

ጓደኛው አጠገቡ ነበር። ቁመቱ ዘለግ፣ አንገቱ መለል ስላለ ቀጭኔ ይሉታል። ኪሶ በጆሮው ነገረው። ቀጭኔም ቤት ረስተኸው ይሆናል አለ፤ ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ጥላ የለውም አለ፤ ባለፈው ዓመት አንዱ ጓደኛችን በዚሁ ነገር ተባርሮ አልጋና ብርድ ልብሱ ጋሪ ላይ ሲጫን አላየህም ወይ አለ። በመጨረሻም፣ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

የጋሪውን ነገር ኪሶ አልረሳውም። እሱም የሚኖረው ጦር ሰፈሩ ውስጥ በተሰጠችው ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ እዚያ ናቸው። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ደግሞ አስራ አንድ ሰው አለ። ክንፉ ፈጠነ፣ የሜዳው ሣር መተኛት ጀመረ። እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ቢቀር ነው።

ምን ብሎ እንደተነሳ እሱም አያውቅም። እግሩ ቀደመው። ነፋሱ ዓይኑን እየወጋው ሮጦ ሄሊኮፕተሩ ፊት ቆመና ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አጣምሮ ሰቀለ። «አቁሚ» ማለት ነው። አብራሪዋ ሻምበል በመስታወቱ አየችው፤ ምን ሆንክ እንደማለት መዳፏን ገለበጠች። ክንዱን አላወረደም። ሞተሩ እያቃሰተ ጠፋ። ጩኸቱ ሲያልቅ የገዛ ትንፋሹን ሰማ።

«ሻምበል፣ ሰንጢዬ ጠፍቶብኛል።»

«የት?»

«እዚህ ውስጥ ይመስለኛል።»

«የተመዘገበ ነው?»

«አይደለም። የግሌ ነው።»

ሻምበሏ ወደ ኋላ ዞራ ሁሉም እንዲወርድ አዘዘች። አስሩ ወታደሮች ወርደው በግድግዳው ጥላ ሥር ተደረደሩ። የሆነውን ሲሰሙ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ አስሩም በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ኪስ መዳሰስ ነበር። አንዱ ሰንጢውን አውጥቶ ሳመው። ሌላው፣ ሚስቴ ብትጠፋ እንዲህ አልደነግጥም አለ። ሳቁ ግን አልገፋም፤ ምን በዋጠ ሆድ ውስጥ ሊበሩ እንደነበር ሁሉም ገብቶት ነበር።

ባሻ መጡ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሄሊኮፕተር ሥር የተኙ፣ ጡረታቸው አራት ወር የቀረው ሽማግሌ ናቸው። ኪሶን መፍቻ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲቆጡ እንደ አባት፣ ሲታረቁም እንደ አባት። ያን ዕለት ግን የወረደበት ቁጣ ለልጅ ጆሮ የሚሆን አልነበረም። ስንት ጊዜ እንደተናገሩ፣ ኪስ ለመሐረብ እንጂ ለሞት እንዳልተሰፋ፣ አስራ አንድ ሰው ለወንድሙ መታሰቢያ ሊሰዋ እንደነበር ነገሩት። ኪሶ መሬት መሬት እያየ ተቀበለ።

ፍለጋው ተጀመረ። ወንበር ተነቀለ፣ የወለሉ ክዳኖች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ኪሶ ትናንት የሠራበትን ጉድጓድ በባትሪ አየው፤ ዘንግ፣ ሽቦ፣ አቧራ፣ ሌላ የለም። ሁለት ሰዓት አለፈ። ከተራራው ጣቢያ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ጠየቁ። የጦር ሰፈሩ አዛዥም አንድ ጊዜ ደውሎ፣ ሻምበሏ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አድርጋ ስትሰማ ታየች።

ቀጭኔ ረጅም ክንዱን የሄሊኮፕተሩ ጅራት ውስጥ ከቶ በመስታወትና በሽቦ ሜንጦ ሲቆፍር ቆይቶ ድንገት «አገኘሁ» አለ። ጎትቶ አወጣው። ሁለገብ ሰንጢ ነው፤ አቧራና ዘይት ለብሷል። ወታደሮቹ አጨበጨቡ። ሻምበሏ ሰዓቷን አየች።

ባሻ ግን ማንም ሳይቀድማቸው ከቀጭኔ እጅ ተቀበሉት። በቱታቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና የኪሶ መዳፍ ላይ አስቀምጠው፣ ጣቶቹን በሁለት እጃቸው ከደኑለት።

«ይኸው ሰንጢህ። ተመስገን በል።»

ኪሶ መዳፉ ላይ ሲመዝነው ክብደቱ እንግዳ ሆነበት። እጀታው ላይ የጎማ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። በአውራ ጣቱ ስለቱን አወጣው፤ ጫፉ ሙሉ ነው። እሱ ደግሞ ጅራቱን ነክቶት አያውቅም። ጅራት የሚከፈተው በትልቁ ምርመራ ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ምርመራ ከሦስት ወር በፊት ነበር፣ ያንን የሠሩት ባሻ ብቻቸውን ነበር። በዚያ ሰሞን ሽማግሌው በምሳ ሰዓት ሳር ውስጥ፣ ቁምሳጥን ሥር፣ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እያጎነበሱ የሆነ ነገር ሲፈልጉ አይቷቸው ነበር። መነጽሬ ነው ብለውታል። መነጽራቸው ግን ግንባራቸው ላይ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ይህ ነገር ጅራቱ ውስጥ እየበረረ ነበር ማለት ነው።

«አራት ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ» አሉት ባሻ፤ ከሱ በቀር የሰማ የለም።

እሺ ቢል ቀኑ ያልቃል። ሰንጢው ተገኘ ይባላል፣ እሱ በራሱ ተናግሮ ስላስቆመ ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ሽማግሌው በክብር ይሸኛሉ። ማንም አይጎዳም። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ሲነሳ ነው አስራ አንዱ የሚጎዱት፤ የወንድሙ ሰንጢ ገና እዚያ ውስጥ ነዋ።

«የእኔ አልወጣም፣ ባሻ» አለ፣ እንደሳቸው ዝቅ ብሎ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሻምበሏ ተጠጋች።

«ያንተ ነው? እንግባ?»

«የእኔ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

ኪሶ ዓይኑን ወደ ጫማው ማሰሪያ አወረደ። መዋሸት አይችልም፤ ያን ስም ከአፉ ማውጣትም አይችልም። ጭብጨባው ከቆመ ቆይቷል። ከአስሩ አንዱ ሳል አፈነ። ቀጭኔ ወደ ኪሶ አየ፣ ወደ ባሻ አየ፣ ከዚያ ረጅም አንገቱን ሰብሮ መሬት ማየት ጀመረ።

ባሻ ቆባቸውን አወለቁ።

«የእኔ ነው» አሉ። «ሦስት ወር ሆኖታል። አውቶቡስ ላይ ነው የጣልኩት እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ።» ከዚያ ድምፃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «የልጁ ገና አልተገኘም። ማንም እንዳይገባ። ባትሪውን ስጡኝ።»

ሻምበሏ ባትሪውን አቀበለቻቸው። የሚባለው ሁሉ በኋላ ይባላል።

ባሻ ኪሶን ክንዱን ይዘው ወደ ወለሉ ጉድጓድ ወሰዱት። ትናንት እንደተኛኸው ተኛ አሉት፤ ተኛ። ዓይንህን ጨፍን አሉት፤ ጨፈነ። ዓይን ይዋሻል፣ እጅ ግን አይረሳም አሉ። ሽቦውን እንዲጠመዝዝ ነገሩት፤ የኪሶ ጣቶች ባዶ አየር ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዞሩ። ከዚያ ባሻ ድንገት በኃይለኛ ድምፅ ጠሩት። ኪሶ ደንግጦ ቀና ሊል ሲል ግራ እጁ በራሷ ሄዳ፣ ከዘንጉ ጀርባ ያለች ሁለት ጣት የማትሞላ ጠርዝ ላይ አረፈች።

ባሻ ከእጁ በታች ባትሪውን አበሩ። ምንም የለም። ሜንጦውን ወደ ታች፣ ወደ ዘንጉ ክርን ላኩት። ቀጭ አለ፤ ሰንጢው እዚያ ተቀርቅሮ ነበር።

«አትንኩት» አለች ሻምበሏ። ወንበሯ የነበረበት ቦታ ተንበርክካ የግራውን ፔዳል በእጇ ቀስ ብላ ገፋችው። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ጨምራ ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ጠዋት ስፈትሸው እስከ መጨረሻው ሄዷል» አለች። ጠዋት ጠርዙ ላይ ነበር፤ የሞተሩ ንዝረት ነው ያወረደው። እጇን ከፔዳሉ አንስታ ቱታዋ ላይ ጠረገች፣ ጠረገች። ከዚያ ሁሉ ስድብ ይልቅ ኪሶን ያስለቀሰው ይህ ነው።

ሰንጢው ሲወጣ ጫፉ የተሰበረ ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ከሰዓት በኋላ በረረ። ሻምበሏ ሪፖርቷን ጻፈች፤ አንድም ቃል አልሸፈነችም፣ አንድም ቃል አላጋነነችም። ኪሶ የማዕረግ ዕድገቱ ቀረበት፤ ቤቱ ግን አልተነካም፣ በገዛ እግሩ ሄዶ ስላስቆመ። ባሻ የቀሯቸውን አራት ወራት ልብስ ግምጃ ቤት ጫማ በቁጥር እያዛመዱ እንዲጨርሱ ተወሰነ። ሠላሳ ዓመት ከዞረው ክንፍ ሥር መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ ግምጃ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ግን በማግስቱ ጠዋት ኪሶ ከጓደኞቹ ጋር ጥገና ክፍሉ ሲገባ፣ ሽማግሌው ሰሌዳው ፊት በርጩማ ላይ ቆመው ነበር፤ አንድ እጃቸው ብሩሽ፣ አንድ እጃቸው ጥቁር ቀለም ይዟል። በሰሌዳው ጥግ ሁለት አዳዲስ ቅርጾች ተስለዋል። አንደኛው የስለቱ ጫፍ የለውም። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ሰው ሰንጢውን ይደብቀዋል እንጂ አይተወውም» አሉ ባሻ፣ ሳይዞሩ። «እኔ ራሴ መቼ ተውኩት? ከአሁን ወዲያ ገብቶ እዚህ ይሰቀል፣ ሲወጣም ይቆጠር። አዛዡን አስፈቅጃለሁ። ሌላ ሰንጢ ያለው አለ?»

ኪሶ የወንድሙን ሰንጢ አንስቶ በሚስማሩ ላይ ሰቀለው፤ ጥላው ላይ ልክ ገጠመ። ባሻም የራሳቸውን ሰቀሉ።

ብሩሹ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው። ባሻ ይጠብቃሉ።

ያኔ ቀጭኔ ረጅም ወገቡን አጎንብሶ፣ ከቡትስ ጫማው አንገት ውስጥ አንዲት አጭር ሰንጢ መዝዞ አወጣ። ጆሮው ቀልቷል።

«ባሻ፣ ይቺ እንኳ ትንሽ ናት» አለ።

ሽማግሌው ሰንጢዋን ተቀብለው ሰሌዳው ላይ አስደግፈው በብሩሹ ዙሪያዋን መሳል ጀመሩ።