በእርሳስ የተጻፈ ዕድሜ

ምስጥ የሚሏት ፋይል ስለምትበላ ነው። በአፏ አይደለም እንግዲህ፣ በዓይኗ። መዝገብ ቤት በሠራችበት ሠላሳ አራት ዓመት ያላገላበጠችው ወረቀት የለም። ማን ማንን ከስሶ እንደታረቀ፣ ማን በስንተኛው ፈተና እንዳለፈ እሷን ጠይቋት። የራሷን ፋይል ግን አንድ ቀን ከፍታ አታውቅም። ምን ሊገኝበት? የምታውቃት ሴትዮ ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመዝገብ ቤቱ አለቃ ስድሳ ሞላቸው ተብለው ጡረታ ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆኗል። ወንበራቸው በዕድገት ይሞላል፣ ረጅም ያገለገለ ይቀድማል፣ ዕድሜው ግን ከሃምሳ አምስት መብለጥ የለበትም ይላል። ምስጥ ልቧ ዘለለ። ተወዳዳሪዋ ችካል ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ በሁለት ዓመት አገልግሎት ትበልጠዋለች። ችካል አጠገቧ የሚሠራ ባልደረባዋ ነው፤ ወንበሩ ላይ አንዴ ከተተከለ ከምሳ ሰዓት በቀር የሚነቅለው የለም።

እሱም ገና ወንበሩ ላይ ሳይተከል ከኋላዋ መጥቶ በትከሻዋ አሻግሮ አነበበና ተንከተከተ።

«እንኳን ደስ ያለህ በይኛ!»

«ለምኑ?»

«ካርድሽን እይዋ! ሃምሳ ስድስት ነሽ እኮ። አልፎሻል፣ እማማ!»

«እማማ እናትህን በል! አንተስ ስንት ሆነህ ነው?»

«ድፍን ሃምሳ አምስት። ልክ አፋፉ ላይ!»

የመዝገብ ቤቱን ልማድ ልንገራችሁ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ካርድ ላይ ዕድሜው በእርሳስ ነው የሚጻፈው። አዲስ ዓመት ሲገባ አሮጌው ቁጥር በላጲስ ይጠፋና አንድ ተደምሮ ይጻፋል። የልደት ቀን ምናምን ብሎ ጣጣ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ባንድ ሳምንት አብሮ ያረጃል። ላጲሱን የምትይዘው ደግሞ ራሷ ምስጥ ናት። ያቺን ሃምሳ ስድስት በገዛ እጇ ጽፋታለች፣ የሰው ካርድ ይመስል ሳታስብ ደምራ አልፋ።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ሐሙስ ነው። ምስጥ ምድር ቤት ወረደችና የራሷን ፋይል አወጣች። ከሥር፣ ቢጫ ከሆነው የቅጥር ፎርም ላይ፣ በቀለም «ዕድሜ፦ ሃያ አንድ» ይላል። በጣቷ ቆጠረች። አላመነችም፣ እንደገና ቆጠረች። ሃያ አንድና ሠላሳ አራት ሃምሳ አምስት!

ሌላ ሰው ቢሆን ፎርሙን ይዞ ይሮጥ ነበር። እሷን ግን አንድ ነገር በላት፦ ያ ትርፍ ዓመት ከየት መጣ?

የችካልን አወጣች። በሃያ ሁለት ዓመቱ ተቀጥሮ ሠላሳ ሁለት አገልግሏል። ሃምሳ አራት! እሱም አንድ ትርፍ አለው። የዘበኛው፣ አንድ ትርፍ። የሾፌሩም እንደዚያው። ከስድስት ዓመት ወዲህ የተቀጠሩት ግን ልክ ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ምን ተፈጠረ? ወደዚህ ሕንጻ የተዛወሩበት ዓመት ነው! ያኔ ካርዶቹ ካርቶን ከመግባታቸው በፊት አንድ አንድ የደመረችው እሷ ናት፣ ታስታውሳለች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች።

«አንተ! ወደዚህ ስንመጣ ካርዶቹን ከካርቶን ማን አወጣ?»

«እኔ ነኛ። አንቺ አሞሽ ቀርተሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዲስ ዓመት ነው፣ አንድ አንድ ጨመርኩላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ!»

ምስጥ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አንተ ጉደኛ፣ መቶ አርባ ሰው እኮ ነው ያስረጀኸው!»

ችካል ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ሳይደርስ ተነሳ። «ቆይ ቆይ፣ ሁሉንም ከሆነ… አለቃስ?»

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ምድር ቤት ሮጡ። የጡረተኞች መደርደሪያ ላይ የአለቃን ፋይል አወረዱ፣ ደመሩ። ሃምሳ ዘጠኝ።

«ጉድ ፈላ!» አለ ችካል ቀስ ብሎ። «ይሄ ከታወቀ ይመለሳሉ፣ ወንበሩም ባዶ አይደለም። ከርሞ በትክክል ሲወጡ አንቺ በትክክል ሃምሳ ስድስት ነሽ። እኔ ሃምሳ አምስት።»

«እሱማ ነው።»

«የራስሽን ፎርም ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ግን…» ብሎ ምላሱን ነከሰ። ማን ንገራት አለው!

ምስጥ ፎርሟን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች። ሌላውን ሁሉ ወደ መደርደሪያው መለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ቀረበች። ሰብሳቢዋ የሰው ኃይል ኃላፊ ናት፣ በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት። ፎርሙን አየች፣ ደመረች፣ አንገቷን ነቀነቀች።

«ልክ ነዎት እትዬ። ሃምሳ አምስት ነዎት፣ ካርዱ ይታረማል። በአገልግሎትም ይቀድማሉ። እንግዲህ ወንበሩ…» እስክሪብቶዋን አነሳችና ቆም አለች። «ለመሆኑ ግን፣ ይቺ አንድ ዓመት ከየት መጣች?»

«የእጅ ስህተት ናት» ብትል አለቀ። አፏን ለዚያ ከፍታም ነበር። ግን አስቡት፤ ምስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስታገላብጥ አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«አይ ልጄ፣ እሱን እንኳ ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር» አለችና ከካርቶኑ ጀመረች።

ሰኞ አለቃ ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ቤት ሲውሉ ሚስታቸው ቁም ሳጥኑን ሦስቴ አስገፍታቸዋለች፣ ፊታቸው በርቷል። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንድ ዓመት ሊቀነስለት የመጣ ሠራተኛ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰልፏል። ምስጥ ላጲስ ይዛ ታጠፋለች፣ ችካል ይጽፋል።

«አፍሽን ይዘሽ ብትወጪ ኖሮ እኮ ዛሬ አለቃዬ ነበርሽ» አላት ሳይቀና።

«ጠየቀችኛ!» አለች ምስጥ፣ የላጲሱን ብናኝ እፍ እያለች። «ምን ላድርግ? ጠየቀችኝ።»