ሞረድ የነካው ቸርኬ

ኤዲልማ ጂፗን ያቆመችው ከከተማው መግቢያ፣ ከዶን ቲቤሪዮ የአሮጌ መለዋወጫ ግቢ በር ላይ ነበር። ያሳፈረቻቸው ገበያተኞች ከነሙዛቸውና ከነዶሯቸው ወርደው ተበተኑ። አብሯት የቀረው አበልጇ ኦቪዲዮ ብቻ ነው።

«ዛሬ ቸርኬ ካላገኘሽ እኔ በእግሬ ነው የምመለሰው» አላት። «ቁልቁለቱን ስንወርድ የጸለይኩት ለከርሞም ይተርፈኛል።»

የፊት ሁለቱ ቸርኬዎች በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተሰነጣጥቀዋል። ጂፑ የአባቷ ነው፤ ስንት ዘመን ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል። ባሏ አርኑልፎ ከነራሱ ጂፕ መንገድ ላይ ከጠፋ ወዲህ ግን ከተራራው ሰው የሚያወርድ ስላልነበረ፣ ዶሮዎቹን አባርራ አስነሳችው። አርኑልፎን ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም። መንገዱን የያዙት ታጣቂዎች እንኳ «አላየንም» ብለው መልሰዋታል።

ከዝገቱ ክምር ውስጥ ጭቃ የለበሱ ሁለት ሰፋፊ ቸርኬዎች አየች። ቀዳዳዎቹን ቆጠረች፤ አምስት ናቸው። ከራሷ ቸርኬ ላይ የለካችበትን ሲባጎ ዘርግታ ርቀታቸውን አስተያየች። ልክ ነው።

«ተይው ልጄ፣ አትልፊ» አላት ዶን ቲቤሪዮ ከበርሜሉ ላይ ሳይነሳ። «የፒካፕ ቸርኬ ነው፣ መሃሉ ጠባብ ነው። ያንቺ ሽማግሌ ጂፕ እምብርቱ ወፍራም ነው፣ አይገባለትም።»

«መሞከር ምን ይጎዳል?»

ጂፑን ወደ ግቢው አስገባችው፤ ኦቪዲዮም በክሪክ አነሳላት። እሷ ዳዶዎቹን ፈታ፣ የተሰነጠቀውን አውርዳ፣ የፒካፑን ቸርኬ አቅፋ ገፋችው። ያለ አንዳች ግትርነት ገብቶ ቦታውን ያዘ። አሽከረከረችው፤ ፍሬኑንም ባሌስትራውንም አይነካም።

«የተባረክሽ ሴት!» አለ ኦቪዲዮ እያጨበጨበ። «እሰሪው እንግዲህ!»

ኤዲልማ ግን መልሳ አወጣችው። መሬት ላይ አጋድማ የመሃሉን ቀዳዳ ጭቃ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና ጣቷን በውስጡ አዞረች። ብረቱ ዙሪያውን በሞረድ ተበልቷል። አንድ ቦታ ላይ ሞረዱ አምልጦ የጫረው ጥልቅ ጭረት አለ። አርኑልፎ ለራሱ ጂፕ እንዲገባለት ሲሞርደው፣ ቸርኬውን በጉልበቷ ደግፋ የያዘችለት እሷ ነበረች። ሞረዱ ጣቱን ቆርጦት እናቱን ጭምር ሲራገም እሷ በሳቅ ወድቃለች።

«አበልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አለ ኦቪዲዮ።

«የአርኑልፎ ነው።»

ዶን ቲቤሪዮ ከበርሜሉ ተነሳ። ሄዶ የግቢውን በር ዘጋና እዚያው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ማን ነው ያመጣልዎት?»

«ስንቱ ያመጣል ልጄ፣ ማንን አስታውሳለሁ? ውሰጂያቸው። ምንም አልፈልግም፣ ውሰጂና ሂጂ።»

«መኪናው የት ነው ያለው?»

«ሚስት አለኝ። አታስጨርሺኝ!»

ኤዲልማ ቸርኬው ላይ ተቀመጠች። ኦቪዲዮ ሊያነሳት ብብቷ ውስጥ እጁን ቢያስገባ ገፈተረችው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ውጪ ገበያተኞቹ ተመልሰው በሩን ይደበድቡ ጀመር፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም።

በመጨረሻ ሽማግሌው መጥቶ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። «ከድልድዩ በታች ነው፣ ገደሉ ውስጥ» አላት በሹክሹክታ። «ታጣቂዎቹ መጥተው ከአልጋዬ ወሰዱኝ። ጎማውን፣ ባትሪውን ፍታ አሉኝ፤ ፈታሁ።»

«ሰውየውስ?»

ዶን ቲቤሪዮ መሬት መሬቱን አየ። «ከመኪናው አጠገብ ነበር። ለአሞራ ትተውት ሊሄዱ ነበር። ለምኛቸው ድንጋይ ከመርኩበት። የማን ባል እንደሆነ በእግዜር ስም አላወቅሁም።»

«በጠየቅሁዎ ጊዜ ግን እርስዎ ያውቁ ነበር። ፎቶውን ይዤ እዚህ መጥቻለሁ።»

ሽማግሌው ተነስቶ የግቢውን በር ከፈተ።

ቸርኬዎቹን አሰረቻቸው። በተሰነጠቁት እስከ ድልድዩ መድረስ አይቻልም ነበር። ኦቪዲዮ ዳዶዎቹን አጠበቀ። ለገበያተኞቹ «ዛሬ ሌላ ፈልጉ» አለቻቸው።

አርኑልፎን ሽማግሌው ባለው ቦታ አገኙት። የለየችው በቀበቶው ነው። የተረፈውን ለቅመው፣ በሙዝ መሸፈኛው ሸራ ጠቅልለው አመጡትና ከአባቱ ጎን ቀበሩት። ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። የቀረው ለምን እንደቀረ ስለምታውቅ አልተቀየመችም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የዶን ቲቤሪዮ ግቢ ዝግ ነበር። በሩ ፊት ሚስቱ ሮሳልባ በነጠላ ጫማ ቆማለች። ጂፑን እንዳየች መንገዱ መሃል ገባች።

ኤዲልማ ፍሬን ያዘች።

«ወሰዱት» አለች ሮሳልባ። «አንቺ ያንቺን አግኝተሻል። እኔ ከየት ልጀምር?»

ኤዲልማ ጎንበስ ብላ የጎኑን በር ከፈተችላት፤ ሮሳልባም ገብታ ተቀመጠች።