ፌንጣ ያስተማረችው

«አባዬ፣ እግርህን! እግርህን አስገባ!»

ሽማግሌው ትራክተሩን ዳገቱ ወገብ ላይ አቆመና ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ረገጠ። ግራ እግሩ እንደ ልማዱ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል። የወንበሩ ቀበቶ እንደተጠቀለለ ነው። ወደ ታች ላለማየት መሪው ላይ አፈጠጠ።

ሴት ልጁ እያለከለከች ደረሰች። «ሻጩ ምን አለህ? ቢገለበጥ ከጀርባህ ያለው ቅስት ብረት ያድንሃል አላለህም? ግን ታስረህ ከተቀመጥክ ነው። ከዘለልክ ብረቱ ራሱ ይጨፈልቅሃል።»

«ሻጭ ምን የማይለው አለ? ‹ብዙም አልተሠራበትም› ብሎኝስ የለ!»

«አሁን ቀልድ ነው የያዝከው?»

«ፌንጣ ሁለቴ ተገልብጣ ሁለቴም ያተረፈኝ ዘልዬ መውረዴ ነው። በስተርጅና እንደ ፍየል ታስሬ ልሙት?»

ፌንጣ የሚሏት አሮጌዋ ትንሽ ትራክተር ታች መጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። ማረሻውን ዳገት ላይ መጎተት ቢያቅታት ነው ይህን ያገለገለ ትልቅ ትራክተር የገዙት። የላይኛው ማሳ ዝናቡ ሳይቀድማቸው መታረስ አለበት።

«በቃ ውረድ። እኔ ላውርደው።»

«የፈሩት ይደርሳል አሉ፤ አንቺ ተዪው» አለ። ግን የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ ብረቱን እየተደገፈ ወረደ።

ልጁ ወጥታ ተቀመጠች። ቀበቶው ቀጭ ሲል፣ ሽማግሌው በር ከውጭ ሲቆለፍ የሰማ እንጂ የቀበቶ ድምፅ አልመሰለውም። የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ቁልቁለቱ ለማዞር መሪውን ቀስ እያለች ጠመዘዘች። የታችኛው የኋላ ጎማ የላላ አፈር ላይ ሰጠመ። ትራክተሩ ዘመመ። የላይኛው ጎማ ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ባዶውን ዞረ።

ያን ሁሉ የመከረችው ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ። ዓይኗ አባቷን ፈለገ፤ እጇ ወደ ቀበቶው መፍቻ ሄደ።

ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ፌንጣ ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ ያስተማራት መሪ አያያዝ አልነበረም። «ዝለዪ ስልሽ ዝለዪ፤ ለምን እንዳትዪኝ» ነበር ያላት። አሁንም የምትጠብቀው ያንኑ ቃል ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እጆቹም ሊቀበሏት ተዘርግተዋል።

ዋጠው።

«አትዝለዪ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «መሪውን ያዢ! ወደ ቁልቁለቱ መልሺው! አትዝለዪ፣ ልጄ!»

እጇ ወደ መሪው ተመለሰ። አየር ላይ ያለው ጎማ ግን ገና ወደ መሬት አልወረደም ነበር።