አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል

ወይንእሸት የልጇን ሱሪ ወገብ እየተረተረች ነበር። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ታነሣና ክሩን በጥርሷ ትስባለች። ሱሪው ለአምስት ዓመት ልጅ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ አካለ ወልድ ግን ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ጠቦታል። ቢቸና ላይ ልብስ ሰፍታ ለምታድር ሴት ይህ ችግር አይደለም፤ የጠበበ ይሰፋል። ያስጨነቃት ሌላ ነበር።

የልጁ ግራ ዓይን ላይ ሞራ ወጥቷል። የባሕር ዳሩ ሐኪም ቀጠሮ የሰጣት ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ነው፤ ቀኑም ከነገ ወዲያ ሐሙስ ጠዋት ነው። «ልጅ ስለሆነ ቶሎ ካልተነሣለት ዓይኑ ማየት ይረሳል» ብሏታል። ይህን ቃል ስትሰፋም ስትተኛም ትሰማዋለች።

መንገዱ ከሞራው ባልተናነሰ ያስፈራታል። ከሁለት ወር በፊት ለምርመራ ሲሄዱ ልጁን ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አቅፋው ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ ሳይደርሱ አህያ መንገድ ገባች፤ ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ። ያቀፈችው መስሏት ነበር። ክንዷ ግን ባዶ ደረቷ ላይ ታጥፎ ቀረ። የልጁ ግንባር አራት ቦታ ተሰፋ። ሰው ሁሉ «እግዜር አተረፈው» አላት። እሷም አሜን አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ክንዷን አላመነችውም።

እንዳለው የሚባለው ታናሽ ወንድሟ ሞጣ ላይ የአንድ እህል ነጋዴ ፒክአፕ ይነዳል። አሠሪው እህቱንና ልጇን ባሕር ዳር አድርሶ እንዲመለስ እስከ ነገ ማታ ፈቅዶለታል። እዚያው ሞጣ፣ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ዕቃ እያስመጣች የምትሸጥ አመተ ሥላሴ የምትባል ሴት ዘንድ ሁለት የሕፃን መኪና ወንበር መምጣቱን የነገራትም እሱ ነው፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። እሑድ ዕለት የልጁን ኪሎ ሊጠይቅ ሲደውል ወይንእሸት አልነበረችም። ስልኩን ያነሡት አማቷ ወይዘሮ ሀብትነሽ ነበሩ።

ሱሪውን ሳትጨርስ የፒክአፑ ጥሩምባ ከበር ተሰማ።

«ይኸውልሽ እታለም፣ ዙፋኑን አመጣሁልሽ» አለ እንዳለው፣ ወንበሩን ደረቱ ላይ ታቅፎ እየገባ።

መሬት አስቀምጠው ልጁን አስገቡት። ትከሻው ከወንበሩ ጫፍ በላይ ቀረ። ማሰሪያው ሆዱን ዞሮ መቆለፊያው ላይ አልደረስ አለ። እንዳለው ሲስብ ልጁ ፊቱ ቀላ።

«ልቀቀኝ» አለ አካለ ወልድ።

ወይንእሸት አወጣችውና ወንበሩን ገለበጠችው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እስከ 13 ኪሎ ይላል።

«እንዳለው፣ ይኼ እኮ የአራስ ነው።»

«አሥራ ሁለት ነው ተብያለሁ። አሥራ ሁለት ብዬ ጠየቅሁ፣ ይኼን ሰጠችኝ።»

«ማን ነው አሥራ ሁለት ያለህ?»

ወይዘሮ ሀብትነሽ በሩ ሥር ተቀምጠው የነጠላቸውን ቋጭ ይፈትሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ምን ልበለው ታዲያ? ማን እንደሚሰማ በማይታወቅ ስልክ የልጁን ኪሎ እንደ ሰንጋ ልጥራ?»

እንዳለውን ሳቅ አመለጠው። «ሰንጋማ በዓይን ግምት ነው የሚሸጥ፣ እማማ።»

«እሱን ነው የምልህ። በዓይን ነው የሚያልቀው።»

ወይንእሸት አልሳቀችም፤ ለመቆጣትም አቅም አጣች። አማቷን ታውቃቸዋለች። የልጅ ልጃቸውን «ቅንጣቴ» ነው የሚሉት፤ ዕድሜውን ለሚጠይቅ አምስት ነው ይላሉ፣ ትልቅነቱ ትንሽነት እንዲመስል። ሞራውንም ያመጣው የገበያ ሰው ዓይን ነው ብለው ያምናሉ። ባሏ ከፋለ ደጀን ላይ የከባድ መኪና ጎማ ስለሚጠግን፣ ቤቱ ውስጥ እሳቸውን የሚመልስ ሰው የለም።

«በቃ» አለ እንዳለው፣ «እስከ ሞጣ እቀፊውና ሞጣ ላይ እንለውጠዋለን። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ያም ሰውዬ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።»

«እታለም፣ ስሚኝ። ባዶዬን ከተመለስሁ ጌታው መኪናውን ያየውና ጤፍ ይጭንብኛል። ነገ መኪና የለሽም። ሐሙስ ካለፈ ሐኪሙን መቼ ልታገኚው ነው? ዓይኑን ልታጠፊው ነው እኮ።»

ወይንእሸት ልጇን አየችው። ባዶውን ወንበር መኪና አድርጎ በአፉ ሞተር እያስነሣ ይገፋዋል። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ሮዝ ነው። በአንድ በኩል ዓይኑ፣ በአንድ በኩል ጭንቅላቱ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የተባለች መሰላት።

«አላቅፈውም» አለች።

«እኔ ልቀፈው» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«የእርስዎም ክንድ ክንድ ነው፣ እማማ።»

እንዳለው ስልኩን አውጥቶ ወደ ሞጣ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁሉም እንዲሰሙ አደረገ።

«ትልቁ አለ» አለች አመተ ሥላሴ። «አንድ ሰው ግን አይቶት ሄዷል፣ እመለሳለሁ ብሎ። ደግሞ ትልቁም ወሰን አለው። ትናንት አሥራ ሁለት አላችሁኝ፣ ዛሬ ምን ልትሉኝ ነው? በሚዛን ያልወጣ ቁጥር አልቀበልም። መዝናችሁ ንገሩኝና እስክትመጡ አስቀምጥላችኋለሁ።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ጣቶቻቸው ቋጩ ላይ ቆሙ። ወይንእሸት ልጁን ልታነሣ ስትጎነበስ ቀድመዋት ተነሡ።

«ብቻውን ሚዛን ላይ አይቆምም» አሉ። «እኔ ነኝ የምይዘው።»

ሚዛን ያለው በወልደ ሰንበት የእህል መደብር ነው። ሰው ሞልቶበታል፤ ጤፍ የሚያስመዝኑ፣ ዋጋ የሚሟገቱ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ልጁን በነጠላቸው ከራስ እስከ እግሩ ሸፍነው፣ እንደ ስርቆት ዕቃ አቅፈው ሚዛኑ ላይ ወጡ።

«ስልሳ ስድስት ተኩል» አለ ወልደ ሰንበት። «እማማ፣ ዘንድሮ ደልቶዎታል።»

«ዝም ብለህ መዝን።»

ልጁን እንደተሸፈነ ለእናቱ ሰጥተው ብቻቸውን ወጡ። አርባ ሰባት። ወይንእሸት በሆዷ ቀነሰች፤ ደግማ ቀነሰች። እንዳለው ደወለ። ለስልኩ ቀረብ ያለው የአሮጊቷ እጅ ነበርና ለእሳቸው ሰጣቸው፤ ወይንእሸት ቁጥሩን በጆሯቸው ነገረቻቸው።

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከትንፋሽ ባልበለጠ ድምፅ።

«አይሰማም» አለች አመተ ሥላሴ። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል።»

«አሥራ ዘጠኝ ተኩል።»

«ዘጠኝ?»

አሮጊቷ ዙሪያቸውን አዩ። ሁለት ሴቶች ጤፋቸውን ትተው ወደ ነጠላው ሥር ያዩ ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል! ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል!»

«ትልቁ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ይይዛል፤ አስቀምጥላችኋለሁ» አለች አመተ ሥላሴ። አሮጊቷ ስልኩን መልሰው ሰጡና ግድግዳ ተደገፉ።

እንዳለው ትንሹን ወንበር ጭኖ ወዲያው ወደ ሞጣ ተመለሰ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ወይንእሸት ስልኩን ሞከረች፤ ዝግ ነው። ደግማ ሞከረች። ጤፉ ሲጫን፣ ወንበሩን ሌላ ሰው ታቅፎ ሲወጣ በዓይኗ ይታያታል። ስምንት ጊዜ ደወለች። ትናንት አቅፌው ብሄድ ኖሮ እስካሁን ባሕር ዳር ገብተን ነበር አለች በልቧ። ጨክኜ ዓይኑን አጠፋሁት አለች። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው ቋጫቸውን ይፈትሉ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ፒክአፑ አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«መኪናውን ከጌታው ሸሽጌ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አሳደርሁት» አለ እንዳለው። ዓይኑ ቀልቷል። «ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ያ ሰው ደግሞ መጥቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ቃሏን ጠበቀች። ቶሎ በይ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ባሕር ዳር መግባት አለብን።»

ወንበሩን የኋላ መቀመጫ ላይ አደረጉት። ወይንእሸት የመኪናውን ቀበቶ በወንበሩ ጀርባ አሳልፋ ቆለፈችው፣ በጉልበቷ ተጭናው እስኪወጠር ሳበችው፤ በሁለት እጇ ስትነቀንቀው አልተነቃነቀም። ልጁን አስቀመጠችው። የማሰሪያው መውጫ ከትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህኛው ልኩ ነው። ወይዘሮ ሀብትነሽ ጋቢ ይዘው መጡና እስከ አንገቱ ጠቀለሉት። «መንገዱ ብርድ ነው።»

ማሰሪያው በጋቢው ላይ ተቆለፈ። ወይንእሸት እጇን ከሥሩ አስገባች፤ ጋቢው ሲታመቅ ጭብጧ በሙሉ አለፈ፤ ፍሬን ቢረገጥ ልጁም በዚያው ሊያመልጥ ነው። ፈታችው።

«ምን ሆንሽ?» አለ እንዳለው፣ ሞተሩን አስነሥቶ።

«ጠብቅ።»

ጋቢውን ከልጁ ላይ አነሣች። ማሰሪያውን በሸሚዙ ላይ አሳልፋ እንደገና ቆለፈችና ከአንድ ጣቷ በላይ እስከማያሳልፍ ድረስ ሳበችው። ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ ጋቢውን አራት አጥፋ ከጎኑ፣ መቀመጫው ላይ አኖረችውና «አሁን ንዳ» አለች።